የጀልባ ሞተር በሊሞዚን ውስጥ፦ የክሌሲ ኩሚንስ የሕይወት ታሪክ

በመሥሪያ ቤቶችና በሆስፒታሎች ግቢ ከተተከሉ ጄኔሬተሮች፣ በመንገድ ሥራ ላይ ከተሰማሩ ማሽኖችና ከከባድ የጭነት ተሽከርካሪዎች በአንዳንዶቹ ላይ ኩሚንስ የሚል ስም ተጽፎ ይታያል። ይህ ስም የድርጅት መጠሪያ ከመሆኑ በፊት የአንድ መካኒክ ስም ነበር። የስሙ ባለቤት ክሌሲ ላይል ኩሚንስ ከስምንተኛ ክፍል ያለፈ መደበኛ ትምህርት ያልነበራቸው፣ ለአንድ ባለ ባንክ በሾፌርነት ያገለገሉ፣ ኋላም ያቋቋሙት ድርጅት ሊዘጋ በተቃረበበት ወቅት ለጀልባ የተሠራን የናፍጣ ሞተር በአሮጌ አውቶሞቢል ላይ ገጥመው ከመዘጋት ያተረፉ አሜሪካዊ ናቸው።

ኩሚንስ ዲሴምበር 27 ቀን 1888 (በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዘመናት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) በዩናይትድ ስቴትስ ኢንዲያና ግዛት ከገበሬ ቤተሰብ ተወለዱ። ገና በ11 ዓመታቸው ቅርጹን ከእንጨት ፈልፍለው፣ ብረት አቅልጠው በማፍሰስ የሠሩት አነስተኛ የእንፋሎት ሞተር ለቤተሰቡ ውኃ ይስብ እንደነበር ይነገርላቸዋል። ትምህርታቸውን ካቋረጡ በኋላ በተለያዩ ወርክሾፖች እየተዘዋወሩ ሙያቸውን አዳበሩ። በ1911 በተካሄደው የመጀመሪያው የኢንዲያናፖሊስ 500 ማይል የመኪና ውድድር ላይም አሸናፊ ከሆነው የማርሞን መኪና ቡድን ጋር እንደሠሩ በታሪካቸው ተመዝግቧል።

የሕይወታቸውን አቅጣጫ የወሰነው ግን በ1908 ኮሎምበስ በተባለችው የኢንዲያና ትንሽ ከተማ ያገኙት ሥራ ነው። የከተማዋ ባለ ባንክ ዊልያም ግላንተን አይርዊን ሾፌርና መካኒክ አድርገው ቀጠሯቸው። በዚያ ዘመን ሾፌር ማለት መሪ የሚይዝ ሰው ብቻ አልነበረም። መኪናው በየመንገዱ ሲቆም ፈትቶ የሚጠግን፣ የጎደለውን ዕቃ ራሱ ቀጥቅጦ የሚሠራ ባለሙያ ማለት ነበር። አይርዊን የሾፌራቸውን ተሰጥኦ ለመረዳት ብዙ ጊዜ አልፈጀባቸውም። በቤተሰባቸው ጋራዥ ውስጥ የራሳቸውን የጥገና ሥራ እንዲጀምሩ ፈቀዱላቸው፤ በገንዘብም ደገፏቸው። በአንደኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ ይህ ወርክሾፕ ለመንግሥት የጋሪ እግር መሐል ክፍሎችን እያመረተ በማቅረብ አደገ። ባለ ባንኩና ሾፌሩ እንዲህ ባለ ሁኔታ ባለ ገንዘብና ባለ ሙያ ሆነው ተጣመሩ። ጥምረታቸው አይርዊንን ለብዙ ዓመታት ትርፍ ሳይሆን ወጪ ብቻ እንዳስገኘላቸው ግን ሊዘነጋ አይገባም።

በፌብሩዋሪ 1919 የኩሚንስ ሞተር ኩባንያ ተመሠረተ። ኩሚንስ ቀልባቸውን የጣሉበት ጀርመናዊው መሐንዲስ ሩዶልፍ ዲዝል በ1890ዎቹ የፈለሰፉት የሞተር ዓይነት ነበር። የቤንዚን ሞተር ነዳጁን የሚያቃጥለው በካንዴላ በሚፈጠር የኤሌክትሪክ ብልጭታ ሲሆን፣ የናፍጣ ሞተር ግን ካንዴላ የለውም። አየሩ ብቻ ሲሊንደር ውስጥ ገብቶ በፒስተን በኃይል ይታመቃል፤ በመታመቁም እጅግ ይግላል፤ በዚህ የጋለ አየር ላይ ናፍጣው ሲረጭ በራሱ ጊዜ ይቀጣጠላል። በዚህ አሠራር ከተመሳሳይ መጠን ነዳጅ የሚገኘው ጉልበት ከቤንዚን ሞተር ይበልጣል፤ ነዳጁም ርካሽ ነው። ችግሩ ይህን ያህል የታመቀ አየርን የሚችል ብረት ወፍራምና ከባድ መሆን ያለበት መሆኑ ነው። በመሆኑም ሞተሩ በመርከብና በኃይል ማመንጫ ውስጥ ተተክሎ የሚሠራ ግዙፍ መሣሪያ ሆኖ ቆየ። በመኪና ላይ ይገጠማል ብሎ የሚያስብ ሰው ጥቂት ነበር።

የኩባንያው አጀማመር የተሳካ አልነበረም። ኩሚንስ ህቪድ በሚል ስም የሚታወቀውን የሆላንድ ሞተር ለመሥራት ፈቃድ ገዝተው ለገበሬዎች የሚሆኑ ትንንሽ ሞተሮችን ማምረት ጀመሩ። ሲርስ የተባለው ታላቅ የንግድ ድርጅትም በካታሎጉ አስገብቶ ሊሸጥላቸው ተስማማ። ሲርስ ደንበኛ ያልወደደውን ዕቃ መልሶ ገንዘቡን እንዲወስድ የሚፈቅድ ልማድ ነበረው፤ ብዙ ሞተሮችም አገልግሎት ከሰጡ በኋላ ተመልሰው መጡ። ሞተሮቹም ቢሆኑ እንከን አልባ አልነበሩም። ኪሳራውን የሸፈነው የአይርዊን ገንዘብ ነው።

ቀጣዮቹ ዓመታት በሙከራ አለፉ። ኩሚንስ የተገዛውን ፈቃድ ወደ ጎን ትተው የራሳቸውን የነዳጅ መርጫ ዘዴ ለመሥራት ደከሙ። የናፍጣ ሞተር ዕድሉ የተንጠለጠለው በዚህ ላይ ነውና። ጥቂት ጠብታ የምታህል ነዳጅ በትክክለኛው ቅጽበት፣ በትክክለኛው መጠን፣ ደቃቅ ጉም ሆና ካልተረጨች ሞተሩ ይጨሳል፣ ይንኳኳል፣ ጉልበትም ያጣል። በ1920ዎቹ ማብቂያ ላይ የሠሯቸው ሞተሮች በጀልባ ባለቤቶች ዘንድ ተቀባይነት አገኙ። ሞዴል ዩ የሚል መጠሪያ የተሰጠው ባለ 4 ሲሊንደር ሞተር ከእነዚህ አንዱ ሲሆን፣ 50 የፈረስ ጉልበት ገደማ ነበረው።

ይሁን እንጂ በኦክቶበር 1929 የኒውዮርክ የአክሲዮን ገበያ ወደቀ። የመዝናኛ ጀልባ ይገዙ የነበሩ ሀብታሞች በአንድ ጊዜ ከገበያው ጠፉ። አሥር ዓመት ሙሉ ገንዘባቸውን ያፈሰሱት አይርዊንም ከዚህ በላይ መቀጠሉ ትርጉም የለውም ወደሚል ውሳኔ ተቃረቡ። ውሳኔያቸው በሚዛን ሲታይ ስህተት ነው ለማለት አይቻልም። ባንካቸው የሌሎች ሰዎችን ገንዘብ የያዘ ነው፤ ኩባንያው ግን በአሥር ዓመት ውስጥ አንድም ጊዜ አላተረፈም፤ የመጨረሻው ገበያውም ተዘግቷል። በወረቀት ላይ የሚቀርብ ማንኛውም ሪፖርት ከዚህ የተለየ ድምዳሜ ላይ ሊያደርስ አይችልም ነበር።

ኩሚንስ ሪፖርት አላቀረቡም። ያገለገለ ፓካርድ ሊሞዚን ፈልገው የቤንዚን ሞተሩን አወጡና በምትኩ ሞዴል ዩን የጀልባ ሞተር ገጠሙበት። በ1929 የገና ዕለትም አይርዊንንና ቤተሰባቸውን በዚህ መኪና ጭነው ለሽርሽር ይዘዋቸው ወጡ። የቀድሞው ሾፌር እንደገና የአሠሪያቸውን ቤተሰብ አሳፍረው መሪ ጨበጡ ማለት ነው። አይርዊን ከኮፈኑ ሥር ያለው ምን እንደሆነ ሲረዱ ሐሳባቸውን ቀየሩ፤ ለኩባንያው ገንዘብ ማቅረባቸውንም ቀጠሉ።

ይህ ሥራ ሲነገር ቀላል ይመስላል። ሞተር ቀይሮ የሚያውቅ መካኒክ ግን ምን ያህል ጣጣ እንዳለው አይጠፋውም። ለተለየ ተግባር የተሠራ ትልቅ ሞተር በመኪና ላይ ሲገጠም የመጀመሪያው ጥያቄ በኮፈኑ ሥር ይበቃዋል ወይ የሚለው ነው። ፓካርድ የተመረጠው ረጅም ኮፈንና ጠንካራ ሻሲ ስላለው እንደሆነ መገመት አያዳግትም። ሁለተኛው የክብደት ጉዳይ ነው። ሞዴል ዩ ከ500 ኪሎ ግራም በላይ የሚመዝን በመሆኑ የፊት ባሌስትራዎቹ ካልተጠናከሩ መኪናው አፍንጫው ይደፋል፤ ፍሬኑም ካሰበበት ቦታ አያቆመውም። የሞተሩ መቀመጫ ንዝረቱን ካልቻለ ሻሲው ውሎ አድሮ ይሰነጠቃል። ሦስተኛውና ብዙዎች የሚዘነጉት የዙር ፍጥነት ነው። የናፍጣ ሞተር በዝግታ እየዞረ ከፍተኛ የመጠምዘዝ ኃይል ይሰጣል፤ የቤንዚን ሞተር ደግሞ ጉልበቱን የሚያገኘው ፈጥኖ ሲዞር ነው። ለቤንዚን ሞተር የተለካ ካምቢዮና ዲፈረንሻል ከናፍጣ ሞተር ጋር ሲጣመር መኪናው ዳገቱን ይወጣል እንጂ በሜዳ ላይ አይፈጥንም፤ ማርሹ በልኩ ካልተቀየረ በቀር። ፍሪሲዮኑም የመጠምዘዝ ኃይሉን መቻል አለበት። ከእነዚህ አንዱ ከጎደለ ሞተሩ መልካም ቢሆንም መኪናው ከንቱ ነው።

የአንድን ሰው ሐሳብ ማስቀየር አንድ ነገር ነው፤ ገበያን ማሳመን ሌላ ነው። በጃንዋሪ 1930 ኩሚንስ ያንኑ ፓካርድ እየነዱ ከኢንዲያና ወደ ኒውዮርክ የአውቶሞቢል ትርዒት ጉዞ ጀመሩ። 1,270 ኪሎ ሜትር ገደማ የሚሆነውን መንገድ በ113 ሊትር ያህል ናፍጣ አጠናቀቁ። ለነዳጅ ያወጡት 1 ዶላር ከ38 ሳንቲም ብቻ ነበር። የትርዒቱ አዘጋጆች መኪናውን ከአዳራሹ ባያስገቡትም፣ በአቅራቢያው ለሕዝብ አሳዩት። የ1 ዶላር ከ38 ሳንቲሙ ወሬም በጋዜጦች ተሠራጨ።

በዚህ አኃዝ ላይ አንድ ነገር ማከል ተገቢ ነው። ቁጥሩ እውነተኛ ቢሆንም ሙሉ ሒሳብ አይደለም። የሞተሩን ዋጋ፣ የገጣጠማውን ድካም፣ የጥገናውን ወጪ አይጨምርም፤ በዚያን ጊዜ ናፍጣ የነበረውን ዝቅተኛ ዋጋም ታሳቢ ያደረገ ነው። ኩሚንስ መሐንዲስ ብቻ ሳይሆኑ ገበያ አዋቂም ነበሩ፤ የትኛው ቁጥር በሰው ጆሮ እንደሚቀር ጠንቅቀው ያውቁ ነበር።

ከዚያ ወዲህ ያሉት ሁለት ዓመታት አንዱ ማሳያ ሌላውን የተከተለባቸው ናቸው። በማርች 1930 በፍሎሪዳ ዴይቶና የባሕር ዳርቻ፣ ያው ሞዴል ዩ ሞተር የተገጠመበት ሌላ ፓካርድ በሰዓት 129 ኪሎ ሜትር ያህል በመሮጥ የናፍጣ መኪና የፍጥነት ክብረ ወሰን አስመዘገበ። በ1931 መጀመሪያ ላይ ደግሞ ሞተሩ በዱሰንበርግ የእሽቅድምድም መኪና ላይ ተገጥሞ በዚያው ሥፍራ ከ160 ኪሎ ሜትር በላይ ፈጠነ።

ይኸው ዱሰንበርግ በሜይ 30 ቀን 1931 በኢንዲያናፖሊስ 500 ማይል ውድድር ላይ ቀረበ። የውድድሩ ሥፍራ ባለቤት የነበሩት የቀድሞው የጦር አብራሪ ኤዲ ሪከንባከር በልዩ ፈቃድ እንዲሳተፍ አደረጉ። መኪናው ለውድድር ካለፉት ሁሉ ዝግተኛው ነበር። ፈጣኖቹ ግን ነዳጅ ለመሙላትና ጎማ ለመቀየር ሲቆሙ፣ ዴቭ ኢቫንስ የሚነዱት የናፍጣ መኪና አልቆመም። 805 ኪሎ ሜትሩን በሰዓት 138 ኪሎ ሜትር በሚያህል አማካይ ፍጥነት፣ 117 ሊትር ያህል ናፍጣ ብቻ ተጠቅሞ፣ አንድም ጊዜ ሳይቆም አጠናቆ 13ኛ ወጣ። በውድድሩ ታሪክ ሳይቆም የጨረሰ የመጀመሪያው መኪናም ሆነ። አንድም ጊዜ አለማቆሙ በጭነት ማመላለሻ ሥራ ለተሰማራ ነጋዴ ከማንኛውም ዋንጫ የበለጠ ትርጉም ነበረው።

በዚያው ዓመት ኩሚንስ ሞተራቸውን በጭነት መኪና ላይ ገጥመው ከኒውዮርክ እስከ ሎስ አንጀለስ ተጓዙ። ከ5,100 ኪሎ ሜትር በላይ ለሚሆነው ጉዞ የነዳጅ ወጪያቸው 11 ዶላር ከ22 ሳንቲም ነበር። ጉዞው ሊጠናቀቅ ሲቃረብ ግን ሊገድላቸው ነበር። በካሊፎርኒያ ካሆን በተባለው ረጅም ቁልቁለት ላይ የመኪናው ፍሬን ከመጋሉ የተነሳ መያዝ አቃተው። ቁልቁለቱ ሥር መንገዱን የሚያቋርጥ የባቡር ሐዲድ ነበር፤ በሐዲዱ ላይም የጭነት ባቡር እያለፈ ነበር። የባቡሩ የመጨረሻ ፉርጎ ሐዲዱን እንደለቀቀ መኪናው ለጥቂት አምልጦ አለፈ።

የአደጋው ምክንያት ከሞተሩ ጠባይ ጋር የተያያዘ ነው። የቤንዚን መኪና ነጂ ቁልቁለት ላይ ነዳጅ መስጫውን ሲለቅ የአየር መግቢያው ስለሚዘጋ ሞተሩ ራሱ መኪናውን ወደ ኋላ ይይዛል። በናፍጣ ሞተር ግን የአየር መግቢያው ምንጊዜም ክፍት ነው። ፒስተኑ ያመቀው አየር እንደ ጠመዝማዛ ሽቦ መልሶ ስለሚገፋው፣ ለማመቅ የወጣው ኃይል ለመኪናው ይመለሳል። በመሆኑም ሸክሙ በሙሉ በፍሬኑ ላይ ይወድቃል። በአባይ በረሃ ቁልቁለት ከባድ ጭነት ይዞ የወረደ ሾፌር ነገሩን ያለ ማብራሪያ ይረዳዋል። ኩሚንስ ያንን ቀን አልረሱትም፤ መፍትሔውን ያገኙት ግን ከሃያ ዓመታት በላይ ከቆዩ በኋላ ነው።

በ1930ዎቹ የኩባንያው ትኩረት ወደ ጭነት መኪና አደላ። የመጀመሪያዎቹ ገዢዎች አዲስ መኪና አልገዙም፤ በእጃቸው ያሉትን መኪኖች የቤንዚን ሞተር አውጥተው በናፍጣ ሞተር መተካትን መረጡ። በካሊፎርኒያ ተራራማ መንገዶች ሸቀጥ የሚያጓጉዙ ድርጅቶች የልዩነቱን ጥቅም ቀድመው አስተዋሉ። በዓመት ብዙ ሺህ ኪሎ ሜትር ለሚሮጥ መኪና የነዳጁ ቁጠባ የሞተሩን ዋጋ ይመልሳል፤ በሳምንት አንድ ቀን ለሚነዳ የቤት መኪና ግን አይመልስም። በፓካርድ የተጀመረው ሙከራ በቤት አውቶሞቢል ገበያ ያልዘለቀውም ለዚህ ነው። ኩሚንስ በ1935 ከአሉሚኒየም የተሠራ ቀለል ያለ የናፍጣ ሞተር በኦበርን መኪና ላይ ገጥመው አገር አቋርጠው ቢጓዙም፣ መኪናው ለገበያ ሳይቀርብ ቀረ። በናፍጣ የሚሠራ የቤት አውቶሞቢል በ1936 በብዛት አምርቶ ማቅረብ የቻለው በጀርመን የመርሰዲስ ቤንዝ ፋብሪካ ነው።

ኩባንያው ለመጀመሪያ ጊዜ ያተረፈው በ1937 ነበር። ከተመሠረተ 18 ዓመት አልፎታል። በዚያን ጊዜ የሥራ አመራሩ በአይርዊን የእህት ልጅ ልጅ በጄ. አይርዊን ሚለር እጅ መግባት ጀምሯል። ኩሚንስ ፈጣሪነታቸውን፣ ሚለር ደግሞ አስተዳዳሪነታቸውን ይዘው አብረው ቢሠሩም፣ ኩባንያው እያደገ በሄደ ቁጥር የመሥራቹ ድርሻ እየጠበበ መሄዱ አልቀረም።

የ1952ቱ ውድድር ለኩሚንስ ስም ሌላ ምዕራፍ ጨመረ። በወንድማቸው በዶን ኩሚንስ መሪነት የተዘጋጀው መኪና 6.6 ሊትር የሆነ የናፍጣ ሞተር ነበረው። ሞተሩ መኪናው ዝቅ እንዲል በጎኑ ተጋድሞ ከመገጠሙም በላይ ቱርቦ ተጨምሮበታል። ቱርቦ ከሞተሩ የሚወጣው ጭስ በሚያሽከረክረው ጎማ አማካይነት ተጨማሪ አየር ወደ ሲሊንደር የሚያስገባ መሣሪያ ሲሆን፣ በኢንዲያናፖሊስ ሲታይ የመጀመሪያው ነበር። ፍሬድ አጋባሺያን የነዱት ይህ መኪና በማጣሪያው በሰዓት 222 ኪሎ ሜትር ፈጥኖ የመጀመሪያውን መነሻ ቦታ ያዘ። ከ21 ዓመት በፊት ከሁሉም ዝግተኛ የነበረው የናፍጣ ሞተር ከሁሉም ፊት ተሰልፎ ተገኘ። በውድድሩ ዕለት ግን 71ኛው ዙር ላይ አቋረጠ። የቱርቦው አየር መሳቢያ ከመሬት ብዙም ያልራቀ በመሆኑ ከመንገዱ የሚነሳ የጎማ ፍርፋሪና ቆሻሻ ደፈነው። ለዓመታት የተለፋበት መኪና በአየር መግቢያ አቀማመጥ ምክንያት ከውድድሩ ወጣ።

ኩሚንስ በ1955 ከኩባንያው ጡረታ ወጡ። ዕረፍት ግን አላወቁም፤ የካሆኑን ቁልቁለት ጉዳይ እንደገና አነሱት። መፍትሔያቸው አየሩ ታምቆ ሊገፋ በተዘጋጀበት ቅጽበት የጭስ ማውጫውን ቫልቭ መክፈት ነው። የታመቀው አየር ፒስተኑን ሳይገፋ ሲወጣ፣ ለማመቅ የወጣው ጉልበት አይመለስም፤ ጉልበት የሚሰጠው ሞተር ጉልበት የሚበላ ፍሬን ይሆናል። አስቸጋሪው ቫልቩን በትክክለኛው ቅጽበት የሚከፍተውን ነገር ማግኘት ነበር። ኩሚንስ መልሱን ያገኙት ራሳቸው በሠሩት ሞተር ውስጥ ነው። ነዳጅ መርጫውን የሚገፋው ካም እንቅስቃሴው ለዚህ ከሚፈለገው ሰዓት ጋር የተገጣጠመ ነበርና፣ ያንኑ እንቅስቃሴ ወደ ቫልቩ አስተላለፉት።

የፈጠራውን ሐሳብ በቅድሚያ ያቀረቡት ስማቸውን ለያዘው ኩባንያ ቢሆንም ተቀባይነት አላገኘም። የተቀበላቸው ለመሰርሰሪያ መሣሪያ የሚሆኑ መያዣዎችን በማምረት ይታወቅ የነበረው ጄኮብስ የተባለ ድርጅት ሲሆን፣ ከ1961 ጀምሮ አምርቶ ለገበያ አቀረበው። የሞተር ፍሬኑ በከባድ መኪናዎች ላይ በስፋት ተገጥሟል። ቁልቁለት ላይ የሚያሰማው የተኩስ የሚመስል ድምፅ ግን በብዙ የአሜሪካ ከተሞች መግቢያ ላይ እንዳይጠቀሙበት የሚከለክል ሰሌዳ እስከመትከል አድርሷል።

ክሌሲ ኩሚንስ ከናፍጣ ሞተር ጋር ያሳለፉትን ዘመን የሚተርክ መጽሐፍ በ1967 አሳተሙ። በኦገስት 1968 በ79 ዓመታቸው ከዚህ ዓለም በሞት ተለዩ።

የናፍጣ ሞተርን ወደ አነስተኛ መኪና የማስገባት ልማድ ከእሳቸው በኋላም አልቀረም። ኩባንያው 5.9 ሊትር የሆነውን ባለ 6 ሲሊንደር ቱርቦ ሞተሩን ከ1989 ሞዴል ጀምሮ ለዶጅ ፒክአፕ መኪናዎች ማቅረብ ጀመረ። የዚሁ ሞተር ታናሽ የሆነው ባለ 4 ሲሊንደር፣ 3.9 ሊትር ቱርቦ ሞተር ደግሞ በአሜሪካ የዳቦ ማከፋፈያ መኪኖችን ሲያገለግል ቆይቷል። መኪኖቹ ሲያረጁ መካኒኮች ሞተሩን እያወጡ በጂፕና በአነስተኛ ፒክአፕ መኪኖች ላይ ይገጥሙታል። ሞተሩ ከ300 ኪሎ ግራም በላይ ስለሚመዝን ከሁሉ አስቀድመው የሚቀይሩት የፊት ባሌስትራውን ነው።